የተወላገደ ሪል ይቃና ወይስ ይተካ?

የአንድ ትንሽ የ16 ሚሊሜትር ሪል ጎን በአንድ ስፍራ ብቻ ወደ ውስጥ ቢታጠፍ፣ የ11 ደቂቃ ፊልም ታይቶ እስኪያልቅ ያች ስፍራ የፊልሙን ጠርዝ 350 ጊዜ ያህል ትፍቀዋለች። ስሌቱ ቀላል ነው። ሪሉ የሚይዘው 400 ጫማ ወይም 122 ሜትር ገደማ ፊልም ነው። የፊልሙ ውፍረት 0.15 ሚሊሜትር አካባቢ ስለሆነ፣ ከእምብርቱ ተነሥቶ እስከ ጠርዙ ለመሙላት ሪሉ 350 ዙር ያህል መዞር አለበት። በየዙሩ የታጠፈው ብረት አንዴ ይጠጋል፣ ፍቆ ያልፋል። ፊልሙ በሳምንት ሁለት ጊዜ የሚታይ ከሆነ በዓመት ውስጥ የሚደርስበት ፍቀት ከ36 ሺህ ይበልጣል። የፊልሙ ጠርዝ ደግሞ ባዶ ጠርዝ አይደለም፤ ማሽኑ ፊልሙን የሚጎትትባቸው ቀዳዳዎች የተደረደሩት እዚያ ላይ ነው። በድምፅ ፊልም ላይ ደግሞ ድምፁም የተቀረጸው በአንደኛው ጠርዝ ነው።

ስለ አሮጌ የፊልም ማሳያ ሲወራ ሰው ቶሎ የሚያስበው አምፖሉን፣ ሌንሱንና ድምፅ ማጉያውን ነው። ሪሉ፣ ማለትም ፊልሙ የሚጠቀለልበት ባለሁለት ጎን ክብ ዕቃ፣ እንደ ማሸጊያ ስለሚታይ የሚያስታውሰው የለም። ይሁን እንጂ ከሣጥን ወጥቶ እስከሚመለስበት ድረስ ፊልሙን ሳይለቅ የሚነካው እሱ ነው። ሪል ሲወላገድ ምን ይደረግ የሚለው ጥያቄም በሙያው ውስጥ ሁለት መልስ አለው። አንዳንዱ «አቅናው» ይላል፤ ሌላው «ጣለውና ተካው» ይላል። ሦስተኛ ወገንም አለ፤ «ፊልሙን ከነአካቴው አታሳየው፣ ቅዳውና አስቀምጠው» የሚል። ይህ ዳሰሳ ሦስቱንም ይመዝናል፤ ሚዛኑም በአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን፣ በተለይ በእንጅባራና በዳንግላ ባለው አየርና የእጅ ሙያ ላይ የተተከለ ነው። የምከራከርለት ሐሳብ ይህ ነው፦ ሪል ይተካል፣ ፊልም አይተካም። ስለዚህ ውሳኔው ሁሉ ከፊልሙ ጥቅም ተነሥቶ መሰጠት አለበት።

ሁለት መጠን፣ ሁለት ሥራ

በአገራችን የፊልም ታሪክ ሁለት የፊልም መጠኖች ሁለት የተለያየ ሥራ ሠርተዋል። አንደኛው 35 ሚሊሜትር፣ የሲኒማ ቤቱ ፊልም ነው። ሲኒማ ኢትዮጵያና ሲኒማ አምፒርን የመሰሉ የአዲስ አበባ አዳራሾች ተመልካች የሰበሰቡት በዚህ መጠን ነው። በ1957 ዓ.ም. የቀረበው የኢላላ ኢብሳ «ሂሩት አባቷ ማን ነው?»፣ በ1960ዎቹ አጋማሽ የወጣው የሚሼል ፓፓታኪስ «ጉማ»፣ በ1980ዎቹ የመጣው የሰለሞን በቀለ ወያ «አስቴር» ቪዲዮ ሳይሆን ፊልም በነገሠበት ዘመን የተሠሩ ናቸው። አንድ የ35 ሚሊሜትር ሪል በተለምዶ 2000 ጫማ ወይም 610 ሜትር ያህል ይይዛል፤ በሴኮንድ 24 ምስል ሲሄድ 22 ደቂቃ ገደማ ይቆያል። የመቶ ደቂቃ ታሪክ እንግዲህ በአምስት ሪል ይከፈላል፤ ሁለት ፕሮጀክተሮችም እየተቀባበሉ ያሳዩታል። በምስሉ የላይኛው ቀኝ ማዕዘን ብልጭ የሚሉት ክብ ምልክቶች ለማሽን ክፍሉ ባለሙያ የተቀመጡ ናቸው። የመጀመሪያው ምልክት «ሁለተኛውን ማሽን አስነሣ» ይላል፤ ከሰባት ሴኮንድ ገደማ በኋላ የሚመጣው ደግሞ «አሁን ቀይር»። በእነዚያ ጥቂት ሴኮንዶች ውስጥ አዲሱ ሪል ሳይንገጫገጭ ፍጥነቱን መያዝ አለበት። የተወላገደ ሪል ያን ጊዜ ካንገራገረ ቅብብሎሹ ይበላሻል።

ሁለተኛው 16 ሚሊሜትር ነው። ኮዳክ እ.ኤ.አ. በ1923 ለገበያ ሲያቀርበው ከመጀመሪያው አንሥቶ በቀላሉ በማይቀጣጠል አሲቴት ላይ አድርጎት ስለነበር፣ ልዩ የእሳት መከላከያ ክፍል አላስፈለገውም። ፕሮጀክተሩ በሻንጣ ይያዛል፤ አንድ ጄኔሬተርና አንድ ነጭ ሸራ ካለ ማንኛውም ሜዳ ሲኒማ ቤት ይሆናል። በዓለም ዙሪያ የትምህርት ቤት፣ የጤና፣ የግብርናና የተንቀሳቃሽ ሲኒማ ፊልም ይህ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ከትልልቅ ሲኒማ ቤቶች ርቀው ለሚገኙ እንደ ዳንግላና እንጅባራ ላሉ ከተሞችም የሚስማማው መጠን ይኸው ነው። 16 ሚሊሜትር ማለት ግን ተራ ሥራ ማለት አይደለም። የኃይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺ ዓመት» እ.ኤ.አ. በ1976 የወጣው በጥቁርና ነጭ 16 ሚሊሜትር ተቀርጾ ነው። ከሠላሳ ዓመት በኋላም፣ እ.ኤ.አ. በ2006፣ በጣሊያን ቦሎኛ ከተማ ባለው የፊልም ማኅደር ታድሶ እንደገና ለዓለም ታይቷል። መታደስ የቻለው የሚታደስ ፊልም ስለተረፈ ነው።

በ1990ዎቹ ቪዲዮ መጣ። እንደ «ቀዝቃዛ ወላፈን» ያሉ በቪዲዮ የተሠሩ ፊልሞች ሲኒማ ቤቶችን ሞሉ፤ የፊልም ማሽኖቹም ጥግ ያዙ። በውጭው ዓለምም ፉጂፊልም እ.ኤ.አ. በ2013 የሲኒማ ፊልም ማምረት አቆመ። ማሽን ሲቆም የሪል ገበያም አብሮ ይቆማል። ዛሬ የሚገኘው ሪል በአብዛኛው ከአርባና ሃምሳ ዓመት በፊት የተሠራ ነው፤ ከዚያ ወዲህም ተቆልሎ፣ ተጭኖና ዝጎ ኖሯል። የመወላገድ ጥያቄ የዘመኑ ጥያቄ የሆነው ለዚህ ነው።

ሪል በምን ይወላገዳል?

የብረት ሪል ዋነኛ ጠላቱ መውደቅ ነው። ሙሉ ሪል ከጠረጴዛ ቁመት በጠርዙ ቢወድቅ የፊልሙ ክብደት ራሱ ጎኑን ያጥፈዋል። ሁለተኛው አያያዝ ነው፤ ትልልቅ ሪሎችን በአንድ ጎናቸው ብቻ አንጠልጥሎ ማንሣት ጎኑን ከእምብርቱ ያላቅቀዋል። ሦስተኛው አቀማመጥ ነው። ሪል ያለ ቆርቆሮ መያዣው በግድግዳ ላይ አጋድሞ ማስደገፍ፣ ወይም ከላዩ ከባድ ሣጥን መጫን ቀስ በቀስ ያጎብጠዋል። በመንገድ ላይ የሚደርሰው ንውጥውጥታም ቀላል አይደለም፤ ሳይታሰር በመኪና የተጫነ ሪል ጎኖቹን የያዙት ሪቬቶች ይላላሉ፤ ያኔ ጎኑ ሳይታጠፍም ይወዛወዛል።

ፕላስቲክ ሪል ሌላ ጠባይ አለው። ቢወድቅ ይሰነጠቃል እንጂ ብዙ ጊዜ አይታጠፍም፤ የሚያወላግደው ሙቀት ነው። በፀሐይ የቆመ መኪና ውስጥ የተረሳ ወይም ከአምፖሉ ቤት አጠገብ የተቀመጠ ፕላስቲክ ሪል እንደ ሳህን ይጎደጉዳል። አንዴ ከጎደጎደ በኋላ የተሠራበት ቁስ ራሱ አዲሱን ቅርጽ ይዞ ይቀራል።

ከሁሉም ይበልጥ ትኩረት የሚሻው ከውስጥ የሚመጣው ምክንያት ነው። አሲቴት ፊልም በሙቀትና በርጥበት ሲጎዳ አሴቲክ አሲድ ይለቃል፤ ቆርቆሮው ሲከፈት አቼቶ አቼቶ የሚሸተው ይህ ነው። አሲዱ ብረቱን ያዝገዋል። ዝገቱም በተራው የፊልሙን መበላሸት ያፋጥነዋል። ፊልሙ እየተሸበሸበና እየጠበበ ሲሄድ ጥቅሉ ቅርጹን ያጣል፤ የፊልሙ ዙሮች ወደ ጎን ይወጡና የሪሉን ጎን ይገፋሉ። እንዲህ ያለ ሪል ሲገኝ የተበላሸው ሪሉ ብቻ ነው ብሎ ማሰብ ትልቅ ስሕተት ነው። ሪሉ ሕመሙን አሳየ እንጂ ታማሚው ፊልሙ ነው።

ምርመራው እንዴት ይሁን?

ሪል ይቃና ወይስ ይተካ ከማለት በፊት በደንብ ማየት ይገባል። ምርመራው የሚጀምረው በአፍንጫና በዓይን ነው። ቆርቆሮው አየር በሚዘዋወርበት ቦታ ይከፈት። የአቼቶ ሽታ ካለ ያ ፊልም ከሌሎቹ ይለይ፤ አሲዱ በትነት ወደ ጎረቤቱ ይሻገራልና። ፊልሙ 35 ሚሊሜትር ከሆነና እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ መጀመሪያ በፊት የተሠራ ከመሰለ፣ ለምሳሌ ከጣሊያን ወረራ ዘመን የቀረ ከሆነ፣ ናይትሬት ሊሆን ይችላል ተብሎ ይያዝ። ናይትሬት አንዴ ከተቀጣጠለ ያለ አየርም ይነዳል፤ ውኃ ውስጥ እንኳ አይጠፋም። ይህን ዓይነት ፊልም በቤት ውስጥ መነካካት ሳይሆን ለባለሙያ ማሳወቅ ነው ተገቢው።

ቀጥሎ ሪሉ ራሱ ይመርመር። የሚመረመረው ፊልሙ በእጅ መጠቅለያ ወደ ጤነኛ ሪል ቀስ ብሎ ከተላለፈ በኋላ ነው። ባዶው ሪል በመጠቅለያው ዘንግ ላይ ይሰካል፤ ከጎኑ አንድ የቆመ ነገር፣ ለምሳሌ በእንጨት መደገፊያ ላይ የተሰካ እስክሪብቶ፣ ጎኑን ሊነካ ጥቂት ሲቀረው ይቀመጣል። ሪሉ በጣት ቀስ ብሎ ሲዞር በእስክሪብቶው ጫፍና በብረቱ መካከል ያለው ክፍተት ይሰፋል፣ ይጠባል። የጠበበበት ቦታ ሁሉ በእርሳስ ምልክት ይደረግበት። የብስክሌት ጎማ ሲንጋደድ ጥገና ቤት ውስጥ የሚደረገውም ይኸው ነው፤ መጀመሪያ የት እንደተንጋደደ ይታወቃል፣ ከዚያ እጅ ይገባል።

ከዚያ በሁለቱ ጎኖች መካከል ያለው ስፋት ይለካ። አዲስ የ16 ሚሊሜትር ፊልም ስፋቱ 15.95 ሚሊሜትር ያህል ነው፤ የሪሉ የውስጥ ስፋት ደግሞ በእምብርቱ አካባቢ ወደ 17 ሚሊሜትር ይጠጋል። ልዩነቱ ከአንድ ሚሊሜትር ብዙም የማይበልጥ መሆኑን ልብ ይሏል። ቀላሉ መለኪያ 16.5 ሚሊሜትር ስፋት ተደርጎ በልኩ የተሞረደ ቁራጭ ብረት ነው። ይህ ቁራጭ በሁለቱ ጎኖች መካከል ገብቶ ዙሪያውን ሳይያዝ ከዞረ ሪሉ ለፊልም ይበቃል። አንድ ቦታ ላይ ከተያዘ ፊልሙም እዚያ ይያዛል። ስፋቱ ከመጠን በላይ ከሆነም ደኅና አይደለም፤ የፊልሙ ዙሮች እርስ በርስ ይወጣጡና አንዱ በአንዱ ሥር ይገባል።

የመጨረሻው የማዕከሉ ቀዳዳ ነው። በአብዛኞቹ የ16 ሚሊሜትር ፕሮጀክተሮች ሪሉ የሚሰካበት ዘንግ 8 ሚሊሜትር ገደማ የሆነ አራት ማዕዘን ነው። ለረጅም ጊዜ የሠራ ሪል ቀዳዳው ተበልቶ ክብ ወደ መሆን ያዘነብላል። ጎኑ ምንም ሳይታጠፍ ሪል የሚወዛወዘው አንዳንድ ጊዜ በዚህ ነው። ቀዳዳው ከተበላ ጎኑን ማቅናት ከንቱ ድካም ነው።

የሚያቀኑት ወገኖች

ማቅናትን የሚደግፉ ሰዎች ክርክራቸው ጠንካራ ነው። ሪል እንደ ልብ አይገኝም፤ ከውጭ ለማስመጣት የመጓጓዣው ዋጋ ከዕቃው ይበልጣል። የድሮ የብረት ሪሎች ደግሞ ከወፍራም ላሜራ የተሠሩ ስለሆኑ ጥቂት መታጠፍን ይችላሉ፤ ወደ ቦታቸውም ይመለሳሉ። እነዚህ ወገኖች ልክ የሚሆኑበት ሁኔታ አለ። ሪሉ ብረት ወይም አሉሚኒየም ከሆነ፣ እጥፉ በአንድ ወይም በሁለት ስፍራ ብቻ ከሆነ፣ ሪቬቶቹ ጠንካራ ከሆኑና ቀዳዳው ካልተበላ ማቅናት ያዋጣል።

ሥራው ግን ትዕግሥት ይጠይቃል። መዶሻ ክልክል ነው። መዶሻ ብረቱን በመታው ቦታ ላይ ይዘረጋዋል፤ የተዘረጋ ላሜራ ደግሞ ዙሪያውን ይሞገዳል እንጂ አይቃናም። የሚሻለው በጠፍጣፋ ጠንካራ እንጨት ላይ ደግፎ በአውራ ጣት መግፋት ነው፤ ካልሆነም ጥርሱ በጨርቅ በተሸፈነ ፒንሳ በጥቂት በጥቂቱ መሳብ። አንድ ጊዜ ከመጠን በላይ ገፍቶ መልሶ ከመግፋት፣ አሥር ጊዜ በጥቂቱ መግፋትና በየመሀሉ ዘንግ ላይ ሰክቶ ማየት ይሻላል። በተለይ አሉሚኒየም ወዲያና ወዲህ ከተመላለሰ ይደክማል፤ ከደከመ በኋላም ይሰነጠቃል። ጎኑ ከተቃና በኋላ የውስጥ ጠርዙ በጣት ይዳሰስ። ጣት የሚቧጭር ስፍራ ካለ በጥሩ ሞረድ፣ ከዚያም በማለስለሻ ወረቀት ይለስልስ። የብረት ብናኝ አንድም እንዳይቀር በአልኮል በራሰ ጨርቅ ተጠርጎ ይድረቅ። ዘይት ወይም ግራሶ አይቀባም፤ ቅባት አቧራ ይይዛል፣ አቧራውም ምስሉን ይጭራል።

ፕላስቲክ ሪልን በሙቅ ውኃ ወይም በፀሐይ አለስልሶ በጠፍጣፋ ነገር በመጫን የሚያቀኑ አሉ። ይህን አልመክርም። አንዱ ጎን ሲቃና ሌላው ያብጣል፤ የማዕከሉ ቀዳዳም ልኩን ይስታል። ለጊዜው የተቃና ቢመስልም በሚቀጥለው ሙቀት ይመለሳል። የተወላገደ ፕላስቲክ ሪል መፍትሔው አንድ ነው፤ ይወገድ።

የሚተኩት ወገኖች

መተካትን የሚደግፉት ደግሞ የሚነሡት ከፊልሙ ነው። የተቃና ሪል የተዳከመ ሪል ነው፤ አንዴ የታጠፈበት ቦታ ዳግመኛ ለመታጠፍ ቅርብ ነው። ፊልሙ ሌላ ቅጂ የሌለው ከሆነ በተጠገነ ሪል ላይ ማዋል አደጋ መጋበዝ ነው። ይህ ሚዛን የሚደፋ ክርክር ነው። በዚህ ላይ የማቅናት ደጋፊዎች ዋነኛ ምክንያታቸው የሪል አለመገኘት ስለሆነ፣ ሪል የሚገኝበት መንገድ ካለ ክርክራቸው ግማሹን ኃይል ያጣል።

መንገዱም አለ። የመጀመሪያው ያለውን ማሸጋሸግ ነው። በየመጋዘኑ ከሚገኙ ሪሎች መካከል ዋጋ የሌለው ወይም ፈጽሞ የተበላሸ ፊልም የያዙ ጤነኛ ሪሎች ይኖራሉ። እነሱን አጽድቶ ዋጋ ላለው ፊልም ማዋል ምንም ወጪ አይጠይቅም። ፊልሙ ለጊዜው የማይታይ ከሆነም ከናካቴው ሪል አያስፈልገውም። የዓለም የፊልም ማኅደሮች ለረጅም ጊዜ የሚያስቀምጡትን ፊልም የሚጠቀልሉት ጎን በሌለው የፕላስቲክ እምብርት ላይ ነው፤ በብዛት የሚሠራበት 75 ሚሊሜትር ገደማ ስፋት ያለው ነው። ጎን ከሌለ የሚወላገድም የለም። እንዲያ ከተደረገ ጤነኛ ሪሎች የሚፈለጉት ለማሳያ ቀን ብቻ ይሆናል፤ ሁለት ጥሩ ሪልም አንድ ሙሉ ስብስብ ያገለግላል።

ሁለተኛው መንገድ ማሠራት ነው፤ የአዊ ከተሞች ጉዳይ የሚመጣውም እዚህ ላይ ነው። የ16 ሚሊሜትር ሪል ሦስት አካል ብቻ ነው ያለው፦ ሁለት ክብ ጎኖችና አንድ እምብርት። ቶርኖ ያለው የብረት ሥራ ቤት እምብርቱን ከአሉሚኒየም ወይም ከናይለን ሊያወጣ ይችላል፤ ጎኖቹ ከ1 እስከ 1.5 ሚሊሜትር ውፍረት ካለው የአሉሚኒየም ላሜራ ይቆረጣሉ። ባለ 400 ጫማ ሪል ጎኑ 18 ሴንቲሜትር ያህል ስፋት አለው፤ ባለ 1600 ጫማው 35 ሴንቲሜትር። ባለሙያው ከባድ ነገር ሊሠራ አይጠየቅም፤ ትክክል የሆነ ነገር ነው የሚጠየቀው። ሁለቱ ጎኖች እርስ በርስ ትይዩ ይሁኑ፤ ቀዳዳዎቹ ፊት ለፊት ይግጠሙ፤ የውስጥ ጠርዝ ሁሉ ይለስልስ። ከዚህ በፊት የተጠቀሰው 16.5 ሚሊሜትር መለኪያ እዚህም ዳኛ ነው። ሥራ ከመታዘዙ በፊት የራስን ፕሮጀክተር ዘንግ በካሊፐር መለካት ግን ግዴታ ነው፤ ማሽን ከማሽን ይለያያልና። አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያም አለ፦ ወደ ብየዳና ሞረድ ቤት የሚሄደው ባዶው ሪል ብቻ ነው። ፊልም የእሳት ፍንጣሪና የብረት ብናኝ ካለበት ቤት አይገባም።

በእንጅባራ አካባቢ ቀርከሃ የታወቀ ሀብት ነው፤ ከቀርከሃ የሚሠራው ዕቃም ውብ ነው። ጎኑን ከቀርከሃ ወይም ከእንጨት ማበጀት ይቻል ይሆን የሚል ሐሳብ ቢመጣ አያስደንቅም። ለሪል ግን አይሆንም። እንጨት በክረምት ርጥበት ይጠጣል፣ በበጋ ይደርቃል፤ በየወቅቱም ይሰፋል፣ ይጠባል። አንድ ሚሊሜትር በሚወስንበት ዕቃ ላይ ይህ ጠባይ ሪሉን እንደገና ያወላግደዋል። ለሪል መደርደሪያና ለማጓጓዣ ሣጥን ግን የአካባቢው እንጨት ተገቢ ነው፤ የወደቀ ሪል የሌለበት ቤት የሚገነባው በጥሩ ሣጥን ነው።

ሦስተኛው መንገድ በሦስት አውታር (3ዲ) ማተሚያ ማውጣት ነው። ሥዕሉ በኮምፒዩተር ከተዘጋጀ በኋላ ሪሉን ደጋግሞ ማውጣት ይቻላል። የሚታተምበትን ፕላስቲክ መምረጥ ግን ያስፈልጋል። ፒ ኤል ኤ የሚባለው በብዛት የሚገኘው ዓይነት በ60 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ መለስለስ ስለሚጀምር ከአምፖል አጠገብ አይታመንም፤ ፒ ኢ ቲ ጂ ወደ 80 ዲግሪ፣ ኤ ቢ ኤስ ደግሞ ወደ 100 ዲግሪ ይችላሉ። ለረጅም ማስቀመጫ ፒ ቪ ሲ መወገድ አለበት፤ ከጊዜ በኋላ ፊልም የሚጎዳ አሲድ ይለቃል።

የአዊ ብርድና ርጥበት

ፊልምን በተመለከተ የአዊ አየር ሁለት ፊት አለው። እንጅባራ ከባሕር ወለል በላይ 2500 ሜትር አካባቢ ላይ የተቀመጠች ደጋ ናት፤ ዳንግላ ከ2100 ሜትር ከፍ ትላለች። ዳንግላ ላይ የቀኑ ሙቀት ወደ 25 ዲግሪ ደርሶ ሌሊት ወደ 9 ዲግሪ ይወርዳል። ይህ ብርድ ለፊልም በረከት ነው። አሲቴት ፊልም ላይ የተደረጉ የታወቁ ጥናቶች እንዳሳዩት፣ አዲስ ፊልም በ21 ዲግሪ ሙቀትና በመካከለኛ ርጥበት ከተቀመጠ የአቼቶው ሕመም እስኪጀምረው ከ40 እስከ 50 ዓመት ይቆያል፤ ሙቀቱ በቀነሰ ቁጥር ዕድሜው ይረዝማል። ቆላ ከሚቀመጥ ፊልም ይልቅ ደጋ የሚቀመጥ ፊልም ዕድለኛ ነው።

ችግሩ ርጥበቱ ነው። በዳንግላ በዓመት ወደ 1600 ሚሊሜትር ዝናብ ይወርዳል፤ አብዛኛውም ከግንቦት እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ነው። በእነዚያ ወራት በተዘጋ መጋዘን ውስጥ ያለ ብረት ይዝጋል፤ ፊልሙም ሻጋታ ያበቅላል። የቀንና የሌሊቱ ልዩነት ሲጨመርበት ቆርቆሮው ከውስጥ ያልበዋል። ስለዚህ በአዊ ሪልን ከመወላገድ የማዳን ሥራ ከግማሽ በላዩ ከዝገት የማዳን ሥራ ነው። መፍትሔዎቹ ውድ አይደሉም። ፊልሙ ከመሬት ከፍ ባለ መደርደሪያ ላይ፣ ከውጭው ግድግዳ ራቅ ብሎ፣ ከቆርቆሮ ጣራ ሥር ሳይሆን ኮርኒስ ባለበት ክፍል ይቀመጥ። የዛገ ቆርቆሮ በፖሊፕሮፒሊን መያዣ ይተካ። የሪልና የፊልም ምርመራ፣ ማጽዳትና መገልበጥ ከኅዳር እስከ የካቲት ባሉት ደረቅ ወራት ይሁን፤ በሐምሌ ጭጋግ የተከፈተ ቆርቆሮ ርጥበቱን አብሮ አሽጎ ይከርማል።

«አታሳዩት» የሚሉት

ሦስተኛው ወገን የሚለው ችላ የሚባል አይደለም። የተሸበሸበ ፊልም ማሽን ውስጥ ሲገባ ቀዳዳዎቹ ከማሽኑ ጥርሶች ጋር አይገጥሙም፤ የመጥበቡ መጠን ከ1 በመቶ ካለፈ ማሳየት ፊልሙን መቅደድ ነው። እንዲህ ያለ ፊልም ላይ ሪል ማቅናትም ሆነ መተካት ለውጥ አያመጣም፤ ምስል በምስል በሚቀዳ መሣሪያ ወደ ዲጂታል መገልበጥ ብቻ ነው የሚያድነው። ሌላ ቅጂ የሌለው ፊልምም ጤነኛ ቢሆን እንኳ ከመታየቱ በፊት መቀዳት አለበት።

ነገር ግን ይህን ሐሳብ እስከ መጨረሻው ወስዶ ፊልም ጨርሶ አይታይ ማለት ሌላ ኪሳራ ያመጣል። የማይታይ ፊልም ባለቤት ያጣል፤ ባለቤት ያጣ ዕቃ ደግሞ መጋዘን ሲጠብ መጀመሪያ የሚጣለው እሱ ነው። ጎረቤት ሱዳን ውስጥ አንጋፋ የፊልም ባለሙያዎች የተዘጋ ሲኒማ ቤት ለመክፈት ያደረጉት ትግል እ.ኤ.አ. በ2019 «ስለ ዛፎች ማውራት» በሚል ዘጋቢ ፊልም ለዓለም ሲታይ፣ የብዙ ሰው ልብ የነካው ፊልምን ከሕዝብ ጋር አብሮ የማየት ጉጉታቸው ነው። ብዙ ቅጂ ያለው የትምህርት ወይም የጤና ፊልም በጥሩ ሪል ተጠቅልሎ ለተማሪዎች ቢታይ፣ ተማሪው ብርሃን፣ መካኒክና ኬሚስትሪ በአንድ ማሽን ውስጥ ሲገናኙ በዓይኑ ያያል።

ምን ይቅደም?

የሦስቱን ወገኖች ሐሳብ ከመዘንኩ በኋላ የምደርስበት ቅደም ተከተል ይህ ነው። መጀመሪያ ፊልሙ ይታይ፤ ይሽተት፣ ይለካ፣ ሌላ ቅጂ እንዳለው ይጣራ። ብቸኛ ቅጂ ከሆነ ከተወላገደው ሪል ወርዶ በእምብርት ላይ ይጠቅለል፤ መቀዳቱ ይቅደም፣ መታየቱ ይቆይ። ብዙ ቅጂ ያለውና ጤነኛ ከሆነ በተተካ ሪል ይታይ። ማቅናት ለባዶ የብረት ሪል፣ ለጥቂት እጥፍ፣ ለማሳያና ለልምምድ የሚሆን ሁለተኛ ምርጫ ነው። ፕላስቲክ ከሆነ ጥያቄም የለበትም።

ይህን ለማድረግ አዊ የሚያጥረው ሀብት አይደለም። ቶርኖ ቤት አለ፣ የቴክኒክና ሙያ ሠልጣኝ አለ፣ እንጅባራ ዩኒቨርሲቲ አለ። የሚያስፈልገው አንድ ጤነኛ ሪል ተለክቶ የተሠራ ሥዕል፣ አንድ መለኪያና ሥራውን በኃላፊነት የሚይዝ ተቋም ነው። በየትምህርት ቤቱ፣ በየመሥሪያ ቤቱና በየቤተሰቡ ዕቃ ቤት የተረሳ ፊልም ይኖር እንደሆን ለመጠየቅም ጥሩ አጋጣሚ አለ። የአገው ፈረሰኞች በዓል በየዓመቱ ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ እጅግ ብዙ ሕዝብ ይሰበስባል፤ ጊዜው ደግሞ ለፊልም ምርመራ የሚመቸው ደረቅ ወር ነው። በዚያ በዓል ላይ «አሮጌ ፊልም ያላችሁ ሳትከፍቱ፣ ሳትጥሉ አሳውቁን» የሚል አንድ ማስታወቂያ ቢነገር፣ ቤት ለቤት በመዞር የማይገኘውን ሊያስገኝ ይችላል።

ሪል የማሠራት ወጪ ጥቂት ነው፤ ሥራውም ለአንድ ጎበዝ ቶርኖ ሠራተኛ የአንድ ቀን ሥራ ነው። የጠፋን ፊልም ግን የትኛውም ወርክሾፕ መልሶ አይሠራውም። ስለዚህ በአዊም ሆነ በሌላ ቦታ የተወላገደ ሪል የያዘ ሰው መጀመሪያ ሊጠይቅ የሚገባው «እንዴት ላቃናው?» ብሎ አይደለም፤ «በውስጡ ያለው ምንድን ነው?» ብሎ ነው። መልሱ ከታወቀ ሪሉን የማቅናትም የመተካትም ውሳኔ ራሱን ያወጣል።